ጋሼ ወርቅአፈራሁ ብቻቸውን እንዲሠሩ በጋራ ለማገዝ የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. (በፈረንጅ ሜይ 22፣ 2021)

ቦታ፦ ሰሜን ላስ ቬጋስ፣ የኮሌጁ የሙያ ማሠልጠኛ ሕንፃ፣ ከማሽን ሾፑ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ክፍል

ሰዓት፦ ለ1፡00 ተጠርቶ በ1፡35 ተጀመረ። ሰዓቱ በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

የተገኙ፦

1. አቶ አሳምነው፣ ሰብሳቢ፤ ካዚኖ ውስጥ ካርድ ያድሉ የነበሩ
2. አቶ ሙሴ፣ ምክትል ሰብሳቢና ሥነ ሥርዓት አስከባሪ፤ የሆቴል እንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጉ የነበሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን መሪ
3. ወ/ሮ ስሜነሽ፣ ጸሐፊ፤ የሆቴል ክፍል ታጸዳ የነበረች፣ ይህን የምትጽፈው
4. ወ/ት ኢክራም፣ የኮሚቴ አባል፤ እዚሁ ላስ ቬጋስ የተወለደች፣ የ22 ዓመት ወጣት
5. አቶ ወርቅአፈራሁ፣ የኮሚቴው የበላይ ጠባቂ፤ የ63 ዓመት ሰው፣ የስብሰባው ምክንያት
6. አቶ ፈድሉ፣ የኮሚቴ አባል፤ ሰመርሊን ሰፈር ውስጥ ምግብ እያደረሱ ስለነበር በስልክ

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። መቼም ቢሆን ተጓድሎ አያውቅም። በማሽን ሾፕ ኮርሱ ያለነው ሐበሾች ስድስት ነን፤ የኮሚቴው አባላትም ስድስት ነን። ተራ አባል የሚባል የለንም።

ስድስታችንም ካዚኖዎቹ በወረርሽኙ የተዘጉ ጊዜ ሥራ ያጣን ነን። ኮሌጁ ብረት መቁረጥ እናስተምራችሁ ሲለን በጥር ወር ገባን፣ በየካቲት ኮሚቴ አቋቋምን። ብረት በደንብ መቁረጥ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዶቻችን ገና አልጀመርንም።

አቶ ሙሴ ስብሰባውን በአሥራ አንድ ደቂቃ ጸሎት ከፈቱ። አቶ ፈድሉ በስልክ «አሚን» ብለው የራሳቸውን ዱዓ ጨመሩ። ከዚያም ሰብሳቢው ሁሉም ማስክ እንዲያደርግና ስድስት ጫማ ተራርቆ እንዲቀመጥ አሳሰቡ። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች «አስረዱ» የተባለው ሁሉ «ጮኹ» ተብሎ ይነበብ።

ስብሰባው የተጠራው መምህራችን ሚስተር ኩፐር ሐሙስ ዕለት በጻፉት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው እንደሚለው፣ አቶ ወርቅአፈራሁ እስካሁን ያስረከቡት አራት ሥራ በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ስለሆነ አይያዝላቸውም። ዛሬ እስከ 4፡00 ድረስ ባለ ሦስት እርከን የብረት ዘንግ፣ እንደ ብሎን ከሚጠመዘዝ ጥርሱ ጋር፣ ሠርተው ማስረከብ አለባቸው፤ ማሽኑን ከማዘጋጀት እስከ መጨረሻው ብቻቸውን። ካልሆነ ሰርተፍኬት የለም። አሊያንቴ ሰፈር አጠገብ የፓምፕ ዘንግ የሚሠራ አንድ ሾፕ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሊቀጥራቸው ዝግጁ ነው፤ ሰርተፍኬቱን ይዘው ከመጡ ብቻ። ከመጡ ሥራ ነው፤ ካልመጡ ቦታው ለሌላ ሰው ነው።

አራቱ ሥራዎች እንዴት በሌላ ሰው እጅ እንደተሠሩ ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል። ጋሼ ቁልፍ ሲያነሱ አንዱ «ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ!» ብሎ ይቀማቸዋል። ማሽኑ ጋ ሲቆሙ ሌላው ወንበር ያመጣል። ወደ ብረቱ ሲያዩ ሦስተኛው «እኔ እያለሁ?» ይላል። እሳቸው ደግሞ ይሉኝታ አለባቸውና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይቀመጣሉ። ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠውን፣ እኛ ሌዝ የምንለውን ማሽን እሳቸው ቶርኖ ይሉታል፤ አዲስ አበባ ሃያ አራት ዓመት ሠርተውበታል። አቶ አሳምነው በአክብሮት የሠሩላቸው ሁለተኛው ሥራ ግን ከልኩ አልፎ ተቆርጦ በጋሼ ስም ወደቀ። ጸሐፊዋም ከደሙ ንጹሕ አይደለችም። ለወንበሩ ትራስ ያመጣችው እሷ ናት።

አጀንዳ አንድ፦ በወ/ት ኢክራም ላይ የቀረበ ክስ

አቶ ሙሴ እንዳስረዱት፣ ባለፈው ማክሰኞ ጋሼ ብረቱን የሚነክሰውን ከባድ መንጋጋ ሲያነሱ ኢክራም ፊት ለፊታቸው ቆማ እያየች አልተቀበለቻቸውም። በዚያ ላይ «አንተ» ብላቸዋለች።

ኢክራም በሰጠችው መልስ፣ «እሱ አልጠየቀኝም። አይ ሚን፣ ጋሼ ስትሮንግ ነው። ሥራው የሱ ነው፣ ለምን እወስድበታለሁ?» ብላለች።

ሰብሳቢው «ሥራው የሱ ነው» የሚለው አነጋገር ከባህላችን ውጪ መሆኑ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠየቁ። ተይዟል።

አቶ ወርቅአፈራሁ እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጅቷን ተዉአት። ከእናንተ ሁሉ የተሻለች እሷ ናት። አሁን ሰዓቱ እየሄደ ነውና ልሂድና ዘንጌን ልቁረጥ» አሉ። ሰብሳቢው የጋሼ ዘንግ አጀንዳ ሁለት ላይ ያለ ስለሆነ ገና አልተደረሰበትም ብለው በትሕትና እንዲቀመጡ ለመኗቸው። ሰዓቱ 1፡58 ነበር።

ከረጅም ውይይት በኋላ ለኢክራም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት፣ ጽሑፉንም ጸሐፊዋ እንድታዘጋጅ ተወስኗል። ጸሐፊዋ በበኩሏ የአብዬን ወደ እምዬ ማላከክ መሆኑን ተናግራ ነበር፤ ጸሐፊ ሐሳብ መስጠት እንደማትችል ተነግሯት ጽፋለች።

አጀንዳ ሁለት፦ ጋሼ ብቻቸውን እንዲሠሩ ስለማገዝ

በዚህ አጀንዳ ሦስት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ሰብሳቢው ከቤታቸው በራሳቸው መኪና ጭነው ያመጡትን ባለ ጎማ የቆዳ ወንበር ለጋሼ እንዲበረከት ሐሳብ አቀረቡ። ጋሼ እዚያ ላይ ተቀምጠው ወደ ማሽኑ ይገፋሉ፤ ሲደክማቸው ይመለሳሉ።

አቶ ሙሴ ደግሞ «ብቻቸውን እንዲሠሩ የሚያግዝ ንዑስ ኮሚቴ» ይቋቋም አሉ። አንድ ሰው ብረቱን ያስራል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ያፈሳል፣ አንዱ ይለካል። ኢክራም ታዲያ ጋሼ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀች። አቶ ሙሴ «ይመርቃሉ» ሲሉ መለሱ።

አቶ ፈድሉ በስልክ ለሚስተር ኩፐር ደብዳቤ ቢጻፍ የተሻለ ነው አሉ። በእኛ አገር የታናሽ እጅ እንደ ታላቅ እጅ ይቆጠራልና አራቱም ሥራዎች በጋሼ እጅ እንደተሠሩ ይያዙልን የሚል ደብዳቤ። ከዚያ የሰው ቤት ደወል ሲደውሉ ተሰማ፤ ለአንድ ደቂቃም ጠፉ።

አቶ ወርቅአፈራሁ ለመናገር ፈቃድ ጠይቀው የሚከተለውን አሉ፦ «ልጆቼ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሆቴል ውስጥ ለሰው ድግስ ወንበር ስደረድር ኖሬያለሁ። አራት መቶ ወንበር ዘርግቼ አራት መቶ ወንበር አጥፌ የገባሁባቸው ቀኖች አሉ። ወንበር በቃኝ። መቆም ነው የናፈቀኝ። ቶርኖ ፊት መቆም። እስኪ ለአንድ ቀን እጄን መልሱልኝ።»

ጸሐፊዋ ይህን ስትጽፍ አፍራለች። ሌሎቹ ማፈራቸውን አላየችም፤ ማስክ ነበራቸው።

ሰብሳቢው ጋሼ ለሰጡት ጥልቅ አባታዊ ምክር ምስጋና አቅርበው ጭብጨባ ጠየቁ። ተጨበጨበ። ከዚያም ከረጅም ውይይት በኋላ ወንበሩ እንዲበረከት፣ ንዑስ ኮሚቴው እንዲቋቋም፣ ደብዳቤውም እንዲጻፍ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። አቶ ወርቅአፈራሁ እጃቸው ተይዞ ወንበሩ ላይ እንዲቀመጡ ተደርጓል።

የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ይሁን በሚለው ላይ አቶ አሳምነው «አቶ ሙሴ ይሁኑ» አሉ። አቶ ሙሴ «እርስዎ እያሉ? አይደረግም» አሉ። አቶ አሳምነው «በፍጹም፣ እርስዎ ነዎት» አሉ። ይህ ለዘጠኝ ደቂቃ ከቀጠለ በኋላ አቶ አሳምነው ይህን ያህል እምቢ ማለት ንቀት መሆኑን ገለጹ። አቶ ሙሴም ንቀት ከተነሳ ባለፈው ወር የመለኪያውን፣ የካሊፐሩን ነገር ማን እንደጀመረው ይታወቃል አሉ። የካሊፐሩ ነገር ሌላ አሥር ደቂቃ ወሰደ። ዝርዝሩ ለዚህ ኮሚቴ ክብር ሲባል አልተመዘገበም።

በዚህ መካከል፣ ልክ በ2፡20፣ አቶ ወርቅአፈራሁ ከወንበሩ ተነሥተው በቀስታ ወጡ። ኢክራም ተከትላቸው ወጥታ የዓይን መከላከያ መነጽሯን ሰጠቻቸውና ተመለሰች። ጸሐፊዋ ይህን አይታለች። በሰዓቱ አልመዘገበችም። አሁን መዘገበች።

አጀንዳ ሦስት፦ ከጎን ክፍል ስለሚሰማው ድምፅ (በአስቸኳይ የተያዘ)

በ2፡31 ከግድግዳው ማዶ የማሽን ድምፅ ተነሣ። ሰብሳቢው ጋሼን ስለማገዝ የሚደረገው ውይይት በዚህ ድምፅ እየተደናቀፈ መሆኑን አስረዱ። ማሽኑን የሚያሠራው ሰው ማንም ይሁን ማን እንዲያጠፋ፣ ይህንንም አቶ ሙሴ ሄደው በኮሚቴው ስም እንዲነግሩ በሙሉ ድምፅ ሊወሰን ሲል ኢክራም ተቃወመች። በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።

አቶ ሙሴ ተመልሰው ሪፖርት አቀረቡ። የሾፑ በር ከውስጥ ተቆልፏል። ሚስተር ኩፐር ጥግ ላይ ጠረጴዛቸው ጋ ቁጭ ብለዋል። በበሩ መስታወት ሲያዩ ማሽኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰው ቆመዋል።

«ማን ናቸው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ጋሼ ናቸው መሰለኝ» አሉ።

ጉባኤው በአንድነት ወደ ቆዳው ወንበር ዞረ። ወንበሩ ላይ ትራሱ ብቻ ነበር።

ሰብሳቢው እጅግ ማዘናቸውን ገለጹ። «እኛ አምስት ጎልማሶች ተቀምጠን አባታችን ቆመው ይሠራሉ? ሰው ቢያየን ምን ይላል?» አሉ። አቶ ፈድሉ እሳቸው መኪና ውስጥ ስለሆኑ መቀመጣቸው እንዳይቆጠርባቸው አሳሰቡ። ኢክራም «ጋይስ፣ እሱ ደስ ብሎታል። ተዉት። ጀስት፣ ተዉት» አለች። ሐሳቧ ደጋፊ አላገኘም።

ሰብሳቢውና ምክትላቸው ሄደው የበሩን መስታወት አንኳኩ። ወንበሩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው አሳዩ። ሚስተር ኩፐር ቀና ብለው አዩአቸውና ወደ ሰዓታቸው በጣታቸው አመለከቱ። ጋሼ ግን አልዞሩም። ቶርኖ ላይ ያለ ሰው ዓይኑን ከስለቱ አይነቅልም፤ ይህን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ተምረናል። የተማርነው ግን ሌላ ሰው እንዲያደርገው ነው።

በ2፡58 ሰብሳቢው ተመልሰው የዕለቱን ከባድ ሐሳብ አቀረቡ። ኮሪደሩ ላይ የሾፑ የመብራት ሳጥን አለ። ለጋሼ ክብር ሲባል መብራቱ ለጥቂት ጊዜ ይጥፋ፤ ማሽኑ ሲቆም በሩ ይከፈታል፣ ንዑስ ኮሚቴውም ገብቶ ሥራውን ይረከባቸዋል አሉ። አቶ ሙሴ ደገፉ።

ጸሐፊዋ ከማሽኑ ድምፅ እንደለየችው፣ በዚያ ሰዓት ጋሼ ሦስቱን እርከን ጨርሰው ጥርስ ማውጣት ላይ ነበሩ። ጥርስ ሲወጣ ማሽኑ ድንገት ከቆመ ዘንጉ ይበላሻል፤ ሌላ ለመቁረጥ ደግሞ ጊዜ አልነበረም። ጸሐፊዋ ይህን ተነሥታ ተናገረች። በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ ስድስት መሠረት ጸሐፊ ድምፅ የላትም ተብላ ተቀመጠች። የደነገጠችው ያን ጊዜ ነው። የአንድ ሰው እንጀራ ኮሪደር ላይ ባለ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ተንጠልጥሎ እኛ እጅ እናወጣ ነበር።

ድምፅ ተሰጠ። አቶ አሳምነውና አቶ ሙሴ ይጥፋ አሉ። ኢክራም ሁለት እጇን አውጥታ አይጥፋ አለች፤ አንዱ ተቆጠረላት። የቀረው የአቶ ፈድሉ ድምፅ ነበር።

አቶ ፈድሉ፣ «አንዴ ቆዩኝ፣ የግቢውን ኮድ እያስገባሁ ነው» አሉ። ጉባኤው ጠበቀ። ከዚያም፣ «ስሙኝ። ደብዳቤ ይጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ግን ሰውዬውን ለማክበር ብሎ ሥራውን መግደል የት አገር ነው ያለው? አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሲሰፋ መብራት ያጠፋበት ሰው ቢኖር ኖሮ በመቀሱ ነበር የሚያሳድደው። አይጥፋ» አሉ።

ሁለት ለሁለት ሆነ። ሰብሳቢው ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢ ይወስናል ብለው ወደ ኮሪደሩ ሊሄዱ ተነሡ። ጸሐፊዋ ሐሳብ ሳትሰጥ ደንቡን ብቻ አነበበች። አንቀጽ ዘጠኝ፦ «ድምፅ እኩል በሆነ ጊዜ ጉዳዩን የሚወስነው በዕድሜ ታላቅ የሆነው አባል ነው፤ እሱ ሳይጠየቅ አንዳች ነገር አይፈጸምም።»

ይህን አንቀጽ ለጋሼ ክብር ብለው ያረቀቁት ራሳቸው አቶ አሳምነው ናቸው። ሰብሳቢው ደንቡን ተቀብለው አነበቡት። ገልብጠውም አዩት። ከጀርባው ምንም አልነበረም።

ስለዚህ የጋሼን ማሽን ለማጥፋት ጋሼ መጠየቅ ነበረባቸው፤ ጋሼን ለመጠየቅ ደግሞ ማሽኑ መጥፋት ነበረበት። ከአጭር ውይይት በኋላ ይጠበቅ ተብሎ ተወስኗል። በኮሚቴው ታሪክ አጭር ውይይት ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጉባኤው ከ3፡07 እስከ 3፡39 ድረስ ምንም አልሠራም። ማሽኑን አዳመጠ። እኛ ስንቆርጥ ብረቱ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሚስተር ኩፐርም ከጠረጴዛቸው ተነሥተው እየሮጡ ይመጣሉ። ይኼኛው አልጮኸም። አንድ ወጥ ሆኖ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ አቶ አሳምነው ግድግዳውን እያዩ «ለካ ይችላሉ» አሉ። ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣላቸው ጠይቀዋል። አልወጣም።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

በ3፡40 የሾፑ በር ተከፈተ። ጋሼ ዘንጉን በጨርቅ ይዘው ቆመዋል፤ ሸሚዛቸው ላይ ዘይት ነበር። ሁላችንም ተሯሩጠን ሄድን። ሚስተር ኩፐር ሦስቱን እርከን በማይክሮሜትር ለኩ፤ ሦስቱም ልክ ሆኑ። የጥርሱን መለኪያ አስገቡ፤ ገባ። ሌላኛውን ሞከሩ፤ መግባት የሌለበት ነውና አልገባም። ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና ዘንድሮ ከተሠራው ሁሉ የተሻለ መሆኑን ተናገሩ። የት እንደተማሩም ጠየቋቸው። ጋሼ «ከእርስዎ በፊት ነው» አሏቸው። ኢክራም ተረጎመች።

ከዚያ ሚስተር ኩፐር ወረቀቱ ላይ ያልተፈረመ አንድ መስመር አሳዩ። ተማሪው የሠራበትን ማሽንና ወለሉን ራሱ ማጽዳት አለበት፤ ያለዚያ ሥራው አልተጠናቀቀም። ይህን ብለው ቀና ሲሉ አቶ አሳምነው መጥረጊያውን ይዘው ነበር። አቶ ሙሴ ደግሞ ሌላኛውን ጫፍ ይዘው ይጎትቱ ነበር። የብረት ፍቅፋቂ ማፈሻው በጸሐፊዋ እጅ ተገኝቷል። እንዴት እንደገባ አታውቅም፤ እጅ ልማዱን አይተውም።

ሚስተር ኩፐር ወረቀቱን ለመቅደድ በሁለት እጃቸው ያዙት። ሰዓቱ 3፡46 ነበር።

ሰብሳቢው በዚህ መካከል ለጋሼ፣ «አንቀጽ ዘጠኝ ላይ የእርስዎን ውሳኔ እየጠበቅን ነው» አሏቸው። መጥረጊያውን አልለቀቁም።

አቶ ወርቅአፈራሁ እንዲህ አሉ፦ «ታላቅ ነህ ካላችሁኝ ልወስን። ዛሬ የወሰናችሁትን ሁሉ ሻሩልኝ። የልጅቷን ማስጠንቀቂያ ሻሩ። አሳምነው፣ አንተም ወንበሩን ለሚስትህ መልስላት። ንዑሱንም ኮሚቴ፣ ደብዳቤውንም። የበላይ ጠባቂነቴንም አንሡልኝ። ክብሬን በሙሉ መልሼላችኋለሁ፤ መጥረጊያዬን ስጡኝ።»

አቶ ሙሴ ለቀቁ። ጸሐፊዋ ማፈሻውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አቶ አሳምነው ጣታቸውን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባቸው። ሲያስረክቡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ በሐበሻ ወግ ያደገ ሰው ይህን ይረዳዋል።

በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወስኗል፦ ዛሬ በአጀንዳ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። አቶ ወርቅአፈራሁ ከበላይ ጠባቂነት ተነሥተው ተራ አባል ሆነዋል። በኮሚቴው ውስጥ ያለን ብቸኛ ተራ አባል እሳቸው ናቸው። አቶ ፈድሉ በስልክ «ደገፍኩ» ብለው፣ ደግሞም «ምን ሆነ? ንገሩኝ እንጂ!» ብለዋል።

ጋሼ ጠረጉ። የማሽኑን ጥርሶች በብሩሽ፣ አልጋ የሚባለውን የማሽኑን መደብ በጨርቅ፣ ወለሉን በመጥረጊያ። ጎንበስ ብለው ከማሽኑ ሥር ሲጠርጉ አቶ ሙሴ ሁለት እጃቸውን ታፋቸው ሥር ከተው ተቀምጠዋል። አቶ አሳምነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ጸሐፊዋ እጇ ሥራ እንዲያገኝ ይህን ጻፈች። ኢክራም ብቻ እንደልቧ ታያለች። ጋሼ ያፏጩ ነበር። አምስት ወር ሙሉ አብረናቸው ስንማር ሲያፏጩ ሰምተን አናውቅም።

ሚስተር ኩፐር በ3፡56 ፈረሙ። ስብሰባው የተዘጋው በ3፡57 ነው። በዕለቱ የተወሰነ ነገር የለም።

ስሜነሽ፣ ጸሐፊ